ከፍተኛ የአይጥ ችግር

አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሲሠራ ሥራው ይዘገያል፤ አምስቱ ሲቀናጁ ግን… ባነር ይታተማል! ሐሰት ነው የምትሉ፣ ከተማችን ገንዳ ውሃ ብቅ በሉና አጥር ላይ የተሰቀለውን እዩት።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ስላችሁ የተመቸኝ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ሙቀት መቀመጥም ሥራ ነው! አንድ የሰሊጥ መጋዘን ኮምፒውተር የሚችል መዝጋቢ ይፈልጋል። እኔ የምችለው ስልክ መነካካት ነው። ካልተቀጠርኩ ደግሞ እናቴ አብደራፊ ያለችው አክስቴ ዘንድ ልትልከኝ ቆርጣለች፤ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ልሠራ! የእኔን ወጥ ቀምሶ ማጭድ የሚያነሳ ካለ… ተዉት።

በዚያው ሰሞን «ኮምፒውተርን በቅንጅት እናስተምር» የሚል የአምስት መሥሪያ ቤቶች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ለትምህርቱ ተመዘገብኩ። አንዱ መሥሪያ ቤት ክፍል ሰጠ፤ አንድ ባለሀብት ያረጁ ኮምፒውተሮች ለገሰ፤ ሌሎቹ ባነር አሳተሙ። ማውስ ብቻ ጎደለ። የኮሚቴው ጸሐፊ የባዕድ ቃል የሚጎረብጣቸው ሰው ናቸውና፣ እስካሁን ምንም ላላዋጣው የእርሻ ግብዓት ማኅበር እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «በኮምፒውተር ክፍላችን ከፍተኛ የአይጥ ችግር ስላጋጠመን በቅንጅት መንፈስ እንድትተባበሩን…»

ተባበሩ! በማግስቱ የማኅበሩ ሠራተኛ በሞተር ከተፍ አለ፤ ለሰሊጥ መጋዘኖች ሊታደል የነበረውን የአይጥ መርዝ በሙሉ ጭኖ።

«ማውሱስ?» አሉት መምህራችን ጋሽ ሙላው።

«እሱንም ይፈጀዋል፣ ጋሼ! ማንንም አይምር!»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የእኛ ድር አብሮ አይጥ እንኳ አልያዘም!

ጋሽ ሙላው መርዙን ልመልስ ቢሉ «ወጪ የሆነ ዕቃ ገቢ የሚሆንበት ቅጽ የለንም» ተባሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበትና «አሥር ጣት አላችሁ፤ ይበቃል» ብለው ሁሉንም በቁልፍ ሰሌዳው ያስተምሩን ጀመር። ታብ፣ ቀስት፣ ኢንተር… ሁለት ወር ሙሉ!

«ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ መሪ በሌለው ትራክተር ማረስ ነው!» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ምላስሽን አሳርፊና ጣትሽን አንቀሳቅሺ!»

የፈተናው ቀን መጋዘኑ ደረስኩ። ጎንደር የሰለጠኑ ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀድመውኛል። የተቀባ ጥፍራቸውን ሳይ የአብደራፊው ወጥ ከወዲሁ ሸተተኝ። ተራ በተራ ገቡ፤ ተራ በተራ ወጡ። «ማውሱ አይሠራም!»

የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ዘውዱ ግንባራቸውን ያዙ። «ገመዱን አይጥ በጥሶብኝ እኮ ነው! መርዝ ይመጣል ተብለን ነበር… ማን ወስዶ እንደዋጠው!»

ምላሴን አሳርፌ ጣቴን አዘጋጀሁ። እናቴ ያን ዝምታዬን ብታይ ጠበል ትወስደኝ ነበር! ተቀመጥኩ፤ ታብ፣ ቀስት፣ ኢንተር… የሰጡኝን የሰሊጥ ዝርዝር አንድም ሳይቀር መዝግቤ ተነሳሁ።

«ተማም!» አሉ አቶ ዘውዱ፣ ሱዳን ሲነግዱ ባመጧት የሙገሳ ቃል። «ያለ ማውስ የት ተማርሽ ልጄ?»

«በቅንጅት!»

ተቀጠርኩ! የመጀመሪያ ሥራዬ ለዚያው ኮሚቴ ደብዳቤ መጻፍ ሆነ። አቶ ዘውዱ ቃል በቃል ነገሩኝ፣ እኔም ቃል በቃል ጻፍኩ፦ «በመጋዘናችን ከፍተኛ የአይጥ ችግር ስላጋጠመን…»

ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ። ጸሐፊው ራሳቸው በባጃጅ ይዘውት መጡ።

አንድ ካርቶን ሙሉ አዲስ ማውስ… ከነባነሩ!