ኩርባ ላይ ፍሬን አይያዝም

ሞተር ብስክሌት ላይ ከኋላ መቀመጥ ቀላል ይመስላችኋል አይደል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነጂው ይነዳል፣ የኋላው ሰው የነጂውን ወገብ ይዞ ዝም ይላል። ዝም ማለት ደግሞ የተሰጠኝ ጸጋ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። ሱቅ ስላክ ባለሱቁ እስኪያየኝ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ሳያየኝ ዘግቶ ሄደና ምሳውን በልቶ ተመለሰ። እዚያው ነበርኩ።

አባባ የሞተር ተላላኪ ነው። ሜክሲኮ አጠገብ ካለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይቀበልና በከተማው ያድላል። ሞተሩ የመንግሥት ነው፤ አያያዙን ያየ ግን ከአብራኩ የወጣ ይመስለዋል። ጠዋት እኔ ፊቴን ሳልታጠብ ሞተሩ ታጥቦ ይጠብቀኛል።

ስለ ፍሬን ሲያወራ ደግሞ አባባ ቄስ ይሆናል። ኩርባ ከመግባትህ በፊት ፍጥነትህን ቀንሰህ ጨርስ ይላል። ከገባህ በኋላ ግን ፍሬን አትንካ። ጎማ ለሁለት ጌታ አይገዛም፤ ወይ ይታጠፋል ወይ ይቆማል፤ ሁለቱንም በአንዴ ካዘዝከው ሁለቱንም ትቶ ይተኛል። ይህን ያልሰማ ሰው ሰፈራችን ጌጃ ሰፈር ውስጥ የለም። አንዴ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ለሟቹ ወንድም ሲያስረዳ እናቴ በክርኗ ስትጎስመው አይቻለሁ።

ለእኔ የተለየ ትእዛዝ ነበረው። እንደ ጤፍ ጆንያ ሁኚ ይለኛል። እኔ ወዳጋደልኩበት አጋድዪ፤ ጆንያ የራሱ ሐሳብ የለውም። እውነቱን ለመናገር ከእኔ የተሻለ ጆንያ በአዲስ አበባ አይገኝም ነበር። እስከ ሰኔ ልደታ ድረስ።

ወደ ትምህርት ቤቴ ስንሄድ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጋ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። ቤተ ክርስቲያኗ በቀኝ ትቀራለች። ሰው ደግሞ እዚያ ሲደርስ እጁ አርፎ አይቀመጥም። እግረኛው ቆሞ ይሳለማል። ባለታክሲው በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ያማትባል። በሁለቱም እጁ የሚሳለም ባለብስክሌት አይቻለሁ፤ እንዴት እንደጨረሰ ግን ስላለፍነው አላወቅሁም። አባባ ብቻ አስቀድሞ፣ ገና ቀጥታው መንገድ ላይ ሳለ፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ልደታ ከሩቅም ታየኛለች፤ በቀኝ እጄ ግን ፍሬን አለ ይላል።

ያን ዕለት ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እኔ በሁለት ሰዓት የሒሳብ ፈተና አለብኝ። ቀጥታው መንገድ ላይ ቀመር ስሸመድድ መሳለሙን ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ኩርባው መሃል ስንደርስ ነው። በበዓሏ ቀን ሳልሳለማት ባልፍ ፈተናው ላይ ሳይንና ኮሳይንን ማን ይለይልኛል? አባባ ወደ ግራ ሲያጋድል እኔ ወገቡን ለቀቅሁና ወደ ቀኝ፣ ግንባሬ ጉልበቴን እስኪነካ ድረስ፣ እጅ ነሳሁ።

ጆንያው ሐሳብ አገኘ።

ሞተሩ ቀና አለና ወደ ምእመናኑ አመራ። አባባም ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲከለክል የኖረውን ነገር አደረገ፤ ኩርባ መሃል ፍሬን ያዘ። ጎማው እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። መጀመሪያ ሰማይ አየሁ፣ ቀጥሎ ጭቃ።

ሰው ከበበን። አንዲት እናት፣ “እሷው ናት ያተረፈቻችሁ!” አሉ።

ሌላዋ ደግሞ፣ “ካተረፈቻቸው በደጇ ለምን ጣለቻቸው?” አሉ።

ክርክሩ ሲጦፍ አባባ በግራ እጁ ደብዳቤ ከጭቃ ይለቅም ነበር። የቀኝ እጁ አንጓ አብጧል። የእኔ ጉልበት ተልጧል፤ በረጅሙ ካልሲዬ ሸፈንኩት። ምን ነካሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ፈተናሽ እንዳያልፍሽ ሂጂ ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ የሞተሩን ቁልፍ ተቀበለው። ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እሱ የበር ጥበቃ ሊሆን ነው። አባባ በር ላይ ተቀምጦ ሲውል ይታያችሁ! የእሱ ዓለም እኮ ኩርባና ቀጥታ ብቻ ነው።

ቃሉን በጽሑፍ ስጥ ተባለ። እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። “በኩርባው መሃል ያለ ምክንያት ፍሬን በመያዜ ወደቅሁ” አለ። እስክሪብቶዬ ቆመ።

“አባባ፣ ያለ ምክንያት?”

“ጻፊ።”

“እኔስ?”

“አንቺ የለሽበትም። ጻፊ አልኩሽ።”

ጻፍኩ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለአባቴም አልሆንኩ።

የደበቀኝ ወዶ እንዳይመስላችሁ። በመንግሥት ሞተር ቤተሰብ መጫን ክልክል ነው። መሳለሙማ ጭራሽ አይነሳም። የኮሚቴው ሊቀመንበር በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ስለ ኋላ ቀር እምነት ሁለት ሰዓት የሚናገሩ ጓድ ናቸው።

በቀጠሮው ቀን ወረቀቱን ይዤለት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ልቀር ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ወረቀቱን አገላብጠው፣ “ይህ ጽሑፍ ነው ወይስ ጉንዳን የሄደበት? የጻፈው ሰው ይግባና ያንብበው” አሉ።

ገባሁ። ከሊቀመንበሩ ግራ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ሴት ተቀምጣለች። በቀኛቸው የሾፌሮች ተወካይ ጋሽ ተሰማ አሉ፤ የሊቀመንበሩን መኪና የሚነዱት ሽማግሌ ናቸው። ማንበብ ጀመርኩ። “ያለ ምክንያት” የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ። “ቀጥዪ!” አሉኝ። ቀና ስል አባባ በዓይኑ ዝም በይ ይለኛል። አፌ ግን “በምክንያት ነው” አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓይን አፋር ሰው ፍሬን የሚይዘው ወሬው መሃል ነው። “እኔ እኮ…” ይልና ያቆማል። ከዚያ እሱም ወሬውም አብረው ይወድቃሉ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስወድቅ ኖሬአለሁ። ያን ቀን የአባባ ትምህርት ትዝ አለኝ፤ ከገባሽ በኋላ ፍሬን አትንኪ። አልነካሁም። የተሳለምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ወደ ቀኝ ያጋደልኩትም እኔ ነኝ፤ አባባ ፍሬን የያዘው ሰው እንዳይገጭ ብሎ ነው አልኩ። ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ ጉልበቴን አሳየሁ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ግን አልቆም አለኝ! ሁልጊዜ ጠዋት በሞተሩ እንደሚያደርሰኝ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን እንደምንጭንበት ነገርኳቸው። እናቴን ክርስትና ቤት እንዳደረሳትም አልቀረኝም። አባባ በደህና እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። “በመንግሥት ንብረት ላይ ተቀምጦ መሳለም! ጓድ ደቻሳ፣ ልጅህን ያስተማርካት ይህን ነው?”

ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ያ ኩርባ እንኳ፣ ጓድ፣ ለመኪናም ያስቸግራል።”

“እንዴት ነው የሚያስቸግረው?”

“እርስዎም እኮ እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ እስክሪብቶ ይወድቅብዎታል። ጎንበስ ብለው እስኪያነሱት ድረስ ብዬ እኔ አስቀድሜ ፍጥነት እቀንሳለሁ።”

ቃለ ጉባኤ ያዧ ወረቀቷ ላይ ተደፋች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሊቀመንበሩ የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ። እስክሪብቶው እዚያው ነበር።

“ጻፊ” አሉ በመጨረሻ። “ጥፋቱ የመንገዱ ነው። መንገዱ ጠማማ ነው።”

ቁልፉ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሞተሩ ላይ ሰው መጫን፣ ጎመንም ጭምር፣ በጽሑፍ ተከለከለ።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ኩርባው ጋ ደረስን።

“ከገባሽ በኋላ ፍሬን አትያዢ ብለኸኝ እኮ ነው” አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። “እሱ ሁለተኛው ነው፣ ልጄ። ከመግባትሽ በፊት ፍጥነትሽን ቀንሰሽ ጨርሺ ያልኩሽስ?”

የሒሳቡን ውጤት ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አሁን ትምህርት ቤት የምሄደው በእግሬ ነው። ኩርባው ጋ ቆሜ እንዳሻኝ እሳለማለሁ። አባባ በሞተሩ ሲያልፈኝ ቀጥታው መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛል፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ባዶውን መቀመጫ አስከትሎ ወደ ግራ ያጋድላል። ጆንያ የሌለበት ሞተር ሲታጠፍ እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

አንዳንድ ቀን የሊቀመንበሩም መኪና ያልፋል። ጋሽ ተሰማ አስቀድመው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ኩርባው መሃል ሲደርሱ ከኋላ መቀመጫው ላይ ሰው ያለ አይመስልም።