ሞተሩ ሳይጠፋ የተካሄደው ስብሰባ

ሀገር ያለ ስብሰባ፣ ስብሰባም ያለ አጀንዳ እንደማይጸና የታወቀ ነው። በቆቦ ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ይህን እውነት ከማንም ቀድሞ የተረዳ በመሆኑ፣ ጣራው ቢያፈስ፣ ስልኩ ባይሠራ፣ ስብሰባው ግን ታጉሎ አያውቅም። ዕድሜ ይስጠው እንጂ ምን ይባላል!

የዚህ መሥሪያ ቤት ሾፌር አራጌ ይባላል። ያለችውን አንዲት ፒክአፕ ዐሥራ አንድ ዓመት ነድቷታል፤ ሕመሟን በድምፅዋ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን ልቡ ያለው ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከማሽላው ላይ ነበር። በእሱም በጎረቤቶቹም ማሽላ ተምች ገብቶበታል። ተምች ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዛሬ ካልተረጨ ነገ የሚቀረው አገዳው ነው። የሚጠፋው የዓመት ቀለባቸው ነው። የተምቹ መድኃኒት በስድስት ጀሪካን ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ተቀምጧል፤ ይሁን እንጂ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና በቀር በሌላ ተሽከርካሪ እንዳይጓጓዝ መመሪያው ይከለክላል።

ክቡር ኃላፊው አቶ ሙሉጌታ በዋዜማው ከሦስት ቀን ሥልጠና ሲመለሱ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ኮፍያና አንድ ድንጋጤ ይዘው ነበር የመጡት። ድንጋጤው ይህ ነው፦ መኪና ከሚጠጣው አራት ሊትር ነዳጅ ጎማ የሚያዞረው አንዱ ብቻ ነው።

«ሦስቱን ማን ነው የሚወስደው?» አሉ ጧት እንደገቡ፣ አራጌን ከእግር እስከ ራሱ እያዩ።

«ሙቀት ነው ጌታዬ። ነዳጁ ሲነድ ገሚሱ ሙቀት በጭስ ማውጫው፣ ገሚሱ በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ከተረፈውም ፍትጊያ ይቀንሳል። የሞተር ተፈጥሮው ነው።»

«በማን ፈቃድ ነው የሚወጣው?»

«ኧረ ጌታዬ! ባይወጣማ ሞተሩ ይቃጠላል።»

«ከዚህ ግቢ አንድ ብሎን ያለ ደብዳቤ አይወጣም፤ ሦስት ሊትር ግን በጠራራ ፀሐይ ይወጣል!» አሉና አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

እዚህ ላይ የቤቱን ደንብ ማወቅ ያሻል። የቆቦ ፀሐይ ማንንም አያከብርም፤ ኃላፊ ግን መከበር አለበት። ስለዚህ አቶ ሙሉጌታ ስብሰባ ሲገቡ ሞተሩ አይጠፋም። ሲወጡ ወንበሩ ቀዝቅዞ እንዲቀበላቸው፣ መኪናዋ ኤሲዋን ከፍታ ከመስኮቱ ሥር እያጓራች ትጠብቃለች።

ስብሰባው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ። «ብክነት የልማታችን ደመኛ ነው!» አሉ አቶ ሙሉጌታ። «እያንዳንዷ ጠብታ የሕዝብ ላብ ናት!» ንግግሩ ልብ የሚነካ ነበር፤ የሞተሩ ጩኸት አላሰማ ስላለ ግን አንድ አስተዋይ ተሰብሳቢ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋው።

አራት ሰዓት ላይ የአራጌ ሚስት የሻረግ ከማሳው ደወለች።

«አንተ፣ የት ቀረህ? ቅጠሉ እኮ ወንፊት ሆነ!»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ነዳጅ ብክነት።»

«መኪናዋስ?»

«ቆማለች።»

«ታዲያ ከጎንህ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

አራጌ ስልኩን ዘጋ። በቀጥታ ወደ አዳራሹ ገባ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ፤ መድኃኒቱን ላድርስ። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ካልሆነም ሞተሩን ላጥፋው። የምትሄድ መኪና ከአራቱ አንዱን ትሠራበታለች፤ ቆማ የምትነድ ግን አራቱንም ነው የምታባክነው።»

አቶ ሙሉጌታ በርኅራኄ ፈገግ አሉ። «አራጌ፣ ሒሳቡን ለባለሙያ ተው። ብክነት የሚመጣው ከመንቀሳቀስ ነው። የቆመ ነገር የት ሄዶ ያባክናል? ጥናቱ እስኪጠናቀቅ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም!»

ተጨበጨበ። አንዱማ ከማድነቁ ብዛት ቆሞ አጨበጨበ።

አራጌ አንዴ ሹልክ ብሎ ሞተሩን አጠፋው። ወዲያው መስኮቱ ተከፈተና «ማን ነው የኃላፊን ወንበር የሚያግለው?» የሚል ድምፅ መጣ። መልሶ አስነሣው። የልጆች አባት ነው፤ ምን ያድርግ?

ውይይቱ ቀጠለ። አንዱ የጭስ ማውጫው በጨርቅ ይወተፍ አለ፤ ሐሳቡ በሳል በመሆኑ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመለት። ሌላው ሙቀቱን በአደራ የሚረከብ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይመደብ አለ፤ ይህም በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስላ ጸጥ አለች። የሳምንቱ ነዳጅ አልቋል።

አቶ ሙሉጌታ ጆሯቸውን አቀኑ። «ሰማችሁ?» አሉ በደስታ። «ገና ውሳኔውን ሳንፈርም ብክነቱ ቆመ!»

ጭብጨባው ሳይበርድ የሻረግ ነጠላዋን አገልድማ ግቢውን ጥሳ ገባች። ከኋላዋ ጎረቤታቸው ዘካሪያስ አንዲት ግመል እየሳበ ነው።

«ማሽላው ግማሹ አልቋል!» አለች። «የቀረውን እንኳ ላድን፤ መድኃኒቱን አምጡ!»

«እናቴ፣» አሉ አቶ ሙሉጌታ፣ «ከመሥሪያ ቤቱ መኪና በቀር በሌላ ተሽከርካሪ ማጓጓዝ ክልክል ነው።»

ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ የዋለችው ቅድስት ቀና አለች። «ግመል ተሽከርካሪ አይደለችም ጌታዬ፤ ጎማ የላትም።»

መመሪያው ተገለጠ። እውነትም ስለ ግመል ያለው ነገር የለም። አቶ ሙሉጌታ የግዳቸውን በቃል እንደፈቀዱ አራጌ ስድስቱን ጀሪካን ከመጋዘን አወጣ፤ ከዘካሪያስ ጋር ግራና ቀኝ ጫኑና ግመሏን አስነሡ። የሻረግ ቀድማ በሩ ላይ ደርሳለች።

አቶ ሙሉጌታ ግን በሰው ፊት የመጨረሻው ቃል የሌላ መሆኑ ከነከናቸው። ደረጃው ላይ ቆመው ግመሏን በጥርጣሬ አዩዋት።

«ስማ ዘካሪያስ፣ የዚች ፍጆታ ለመሆኑ ተጠንቷል? ይኸው ቆማም እያኘከች ነው!»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ቆማም ታኝካለች፤» አለ ዘካሪያስ ገመዱን እየሳበ። «ግን የምታመሰኳው ቀድሞ የበላችውን የራሷን ነው፤ የሕዝብ አይደለም።»