ፈረሰኛው ተሻገረ ወይ?

መጽሐፍ የሚወድ ሰው መቼም ጉደኛ ነው። እስቲ ስለ አንድ ልብ ወለድ ጠይቁት። ርዕሱን ረስቶታል። የደራሲው ስም አፉ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። ሽፋኑ አረንጓዴ እንደነበር ግን ይምልላችኋል። የት ተቀምጦ እንዳነበበው፣ ያን ዕለት ዝናብ ይጥል እንደነበር፣ ይኼን አይረሳም። ታሪኩንማ ተዉት፤ ግማሹን ከሌላ መጽሐፍ አምጥቶ ነው የሚቀጥለው። እኔም ያው ነኝ፤ ማንን ልማ?

ዳንግላ በአስተማሪነት የተመደብኩት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ነው እንግዲህ፣ ከተማው ውስጥ ከመኪና ይልቅ ጋሪ በሚበዛበት ዘመን። የተከራየሁት እትዬ አለምነሽ ግቢ ነበር። ባላቸው አያ ታከለ ፈረስ ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው በጋ አርፈዋል። ልጅ የላቸውም። ዳንግላ ደግሞ ዝናብ ከያዘ አይለቅም። እትዬ አለምነሽ እንዝርታቸውን ይዘው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና ወደ ውጭ ያያሉ። እኔም ሳይታወቀኝ አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ አያለሁ። ዝናብ ታይቶ የሚጠገብ ነገር አይደለም።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እንዲሁ ፈዘን ሳለን፣ «መምህር፣ አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ» አሉኝ። ምን መጣ ብዬ ዞርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ታከለ ልጅ ሆነው ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረዋል። ክረምት ክረምት፣ እሑድ እሑድ፣ ለሚስታቸው አንድ ልብ ወለድ ያነቡላቸው ነበር። መጽሐፉ አማርኛ ነው። የእትዬ አለምነሽ አማርኛ ደግሞ ለገበያ እንጂ ለልብ አይሆንም። ስለዚህ አያ ታከለ በዓይናቸው አማርኛውን እያዩ፣ በአፋቸው አገውኛ ያወርዱላቸው ነበር። ታሪኩ ዳማ ፈረስ ስላለው አንድ ሰው ነው። ወንዝ ማዶ የምትጠብቀው ሴት አለች። ወንዙ ሞልቷል። ፈረሰኛው ወንዙ ዳር ደርሶ ልጓሙን እንደያዘ፣ አያ ታከለ ታመሙ። በዚያው ቀሩ።

«እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል» አሉኝ እትዬ አለምነሽ። «ዝናብ በጣለ ቁጥር ይታየኛል። መሻገሩን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

መጽሐፉስ? በለቅሶው ሰሞን ከቤት ወጥቶ ቀርቷል። ርዕሱን አያውቁም። ምልክቱ ልባሱ ብቻ ነው፤ ከቀሚሳቸው የተረፈ ቀይ ጨርቅ።

እኔም ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ሰይድ ስኳርና ላምባ ይሸጣሉ፤ ከጨው ጆንያው በላይ ግን አሮጌ መጻሕፍት የተደረደሩበት ጣውላ አላቸው። የከተማው አንባቢ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ታሪኩን ገና ስጀምረው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነጠቁኝ። እንዴታ፣ ደጋግመው አንብበውታል። ፈረሰኛው ይሰጥማል፣ ሴትዮዋም ትመነኩሳለች፤ እንዲያውም አልቅሰውበታል። ሐጂ ሰይድ ስኳር እየመዘኑ ሳቁ። የሰጠመው ፈረሱ ነው እንጂ ሰውየውስ አልሰጠመም፤ ደራሲውንም በዓይናቸው አይተውታል፣ አጭር ሰው ነው። ጸሐፊው ተቆጡ፤ ደራሲው ረጅም ነው። ሲከራከሩ ስሰማ እኔም ራሴ፣ እግዜር ይየኝ፣ ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት መሰለኝ። የወንዙ ድምፅ ሳይቀር ትዝ አለኝ። መጽሐፉ ብቻ የለም።

እንዲህ ስንቃዥ ክረምቱ ወደ ማለቁ ሆነ። በመጨረሻ ሐጂ ሰይድ ለገበያ አዲስ ቅዳም ከተማ ሄደው ሲመለሱ፣ ቀይ ልባስ ያለው መጽሐፍ ከአያ ታከለ ወንድም ቤት ማየታቸውን ነገሩኝ። በማግስቱ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ ሄድኩ። ወንድምየው ፊደል አያውቁም። መጽሐፉን ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀምጠውታል። የወንድማቸው እጅ ያረፈበት ነው ብለው ነው የወሰዱት። «ወንድሜ በዚያ በዳማው ስንቱን ወንዝ ተሻግሯል መሰለህ» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ የእትዬ አለምነሽን ስም ስጠራ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ስመለስ መኪናው ላይ ገለጥኩት።

ዶሮ።

አዎ፣ የዶሮ ሥዕል። ስለ ዶሮ አረባብ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ስለ ቆጥ አሠራር ይላል፤ ስለ ጫጩት ተቅማጥ ይላል። ወንዝ ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። ያገኘሁት ውሃ የጫጩት ማጠጫ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ መጽሐፉን ከድኜ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውየው ስንት ክረምት የዶሮ መጽሐፍ ዘርግተው ፈረስ ሲያስጋልቡ ኖረዋል። አሁን እኔ ምን ልበል? ባልዎ ሲያታልልዎ ነው የኖረው ልበላቸው? አጣሁት እንዳልል ደግሞ ያ ምስኪን ፈረሰኛ ዝናብ እየመታው ቆሞ ሊቀር ነው። ለእኔም መታየት ጀምሮ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ። እትዬ አለምነሽ ቀዩን ልባስ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው መልሰው ሰጡኝና እንዝርታቸውን አነሱ። ገለጥኩት። ከተማሪዎቼ የለቀምኳትን አገውኛ ይዤ ጀመርኩ። ፈረሰኛው ኮርቻውን አወረደ። ዳማውን አንገቱን አሻሸው፤ ብዙ ወንዝ አብረን ተሻግረናል አለው። ገቡ። መሀል ላይ የፈረሱ ጆሮ ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ ማዶ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ስሙን ትጠራለች። የማነበው ነገር እንደሌለ ረሳሁት። ላቤ እየወረደ አሻገርኩት። ልጓሙን ከእጁ ተቀበለችው።

እንዝርቱ ቆሟል። እትዬ አለምነሽ እንባቸው እየወረደ ዝናቡን ያያሉ። «ተመስገን» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና፣ «መምህር፣ ሌላ ጊዜ ስታነብ ግን ገጹን ግለጥ። እሱ ይገልጥ ነበር» አሉኝ።

ወደ እጄ ብመለከት፣ ስጀምር የገለጥኩት የጫጩት ተቅማጥ እንደተዘረጋ ነው።

«ልባሱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ዶሮዎቹን ያላየሁ መሰለህ?»

ታዲያ ይህን ካወቁ እስከ አዲስ ቅዳም ለምን አንከራተቱኝ? ጠየቅኳቸው። እትዬ አለምነሽ እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ያለ መጽሐፍ ይነበባል እንዴ?» አሉኝ።