ጋሽ ታደሰ ያኮረፉበት እንቁጣጣሽ

እኛ በዓልን የምናከብረው አምልጦን እንደሚሄድ ነገር አንቀን ይዘን ነው። ቴፑ ካልጮኸ፣ እንግዳው ካልተንጫጫ፣ ልጅ ከጉልበት ወደ ጉልበት እየተገፋ ካልሳመ በዓል የዋለ አይመስለንም። ጉርሻውንማ ተዉት። አፉን የዘጋ ሰው ካገኘን በግድ አስከፍተን ፍቅራችንን እንጠቀጥቅበታለን። እምቢ ካለ ነውረኛው እሱ ነው።

እኔስ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ወይ? ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ ሰላም፣ የስምንት ዓመት ልጇን ማርታን ይዛ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ቤቴ መጣች። ማርታ ኦቲዝም አለባት። እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው ይበልጡን በአጥሩ በኩል ስለሆነ፣ ቃሉ የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር። ሰላም፣ ልጄ ጉርሻ አትወድም፣ ሰው ሲነካትም ያማታል እያለችኝ አንድ ወፍራም ጉርሻ አስገባሁባት። ልጅቷ ጮኻ፣ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እኔም፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ሁለት ያፋቅራል ሲባል ሰምቻለሁና፣ ሁለተኛውን ይዤ ጠረጴዛ ሥር ተከተልኳት።

አልተፋቀርንም። ሰላም ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም።

ለእንቁጣጣሽ ስንት ለምኜ እሺ አሰኘኋት። «አንዴ ብቻ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ፤ «ከተደገመ ከእንግዲህ በዓልን ከልጄ ጋር በሬን ዘግቼ ነው የምውለው።» ስለዚህ ቴፑን ነቀልኩ። መኝታ ቤቱን ለማርታ ለቀቅኩ፣ መደርደር የምትወደውን የለስላሳ ቆርኪ ከግሮሰሪው ለምኜ ሰበሰብኩ። ለእንግዳው ሁሉ ደወልኩ፤ ልጅቷን መሳም የለም፣ ማጉረስ የለም፣ ሰላምታውን ራሷ እንደፈለገች ትስጣችሁ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰም በስልክ እሺ ብለው ነበር። በበዓሉ ቀን መጥተው ሶፋው ላይ ከተደላደሉ በኋላ ግን ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ካልሳመችኝ ዶሮውን አልነካም አሉ። ማርታ ሹልክ ብላ መኝታ ቤት ገባች። እሳቸው ቀጠሉ፤ ቅጣት አጥታ ነው፣ በእኛ ጊዜ መድኃኒቱ አርጩሜ ነበር። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው የስምንት ዓመት ልጅ አኮረፉ። አመለኛ የተባለችው ግን እሷ ናት።

ሰላም ተነሥታ የልጇን ጫማ ከመደርደሪያው አነሣች። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ የማትስምዎት ስለማትችል ነው። እርስዎ ዶሮውን እምቢ ያሉት እየቻሉ ነው። ታዲያ ቅጣት ያጣው ማን ነው?»

ቤቱ ተንጫጫ። ግማሹ እኔን ደፋር አለኝ፣ ግማሹ አበጀሽ። በዚህ መሐል ጋሽ ታደሰ ብድግ ብለው መኝታ ቤት ገቡ። ልጅቷን ሊቆጧት መስሎኝ እየሮጥኩ ተከተልኳቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማርታ ወለሉ ላይ ቆርኪ ትደረድራለች። ቀና ብላ ሳታያቸው አንዷን ቆርኪ ወደ እግራቸው ገፋ አደረገች። ጎንበስ ብለው ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጧት።

«እስቲ በሩን ዝጊው» አሉኝ፤ «የእናንተ ጫጫታ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ሲበጠብጠኝ ኖሯል።»

የሰው ጉድ። ማርታ እኮ ጆሮዋን ለመያዝ ሰባ ዓመት አልጠበቀችም።

ሰላም ጫማውን ወደ መደርደሪያው መለሰች። እኔ ደስታዬ ገንፍሎ ዶሮውን ይዤ ገባሁ፤ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ ጋሽ ታደሰ አፍ ሰነዘርኩ።

«ተይኝ፣ በእጄ ልብላ» አሉ።

ማርታ ቆርኪዋን ትታ እጄን አየች። ወዲያው አዙሬ ወደ ራሴ አፍ ከተትኩት። ለካ ጉርሻዬ ያንቃል።