ክቡር ኢንጂነር ኔቪልና የወይዘሮ ቤሪል በር

ደህና የሚሠራ ዕቃ ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በአውስትራሊያዋ የዋያላ ከተማ የኛ ሰፈር ሰው አቶ ኔቪል ነበሩ፤ ከመርከብ ፋብሪካው በጡረታ የወጡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሰፈሩ «ክቡር ኢንጂነር» ይላቸዋል። ሹፈት መሆኑ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ወደውታል።

«ትንሽ ላሻሽላት» ካሉ አለቀ። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ አሻሽለው በስብከት መሀል የፈረስ ግልቢያ ውድድር የሬዲዮ ስርጭት ተሰምቶበታል። የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ቤሪልን የሣር ማጨጃ አሻሽለው ማጨጃው አጥር ጥሶ ሄዷል።

ወይዘሮ ቤሪል ባላቸው ሲሞቱ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል አስገቡ። ኢንጂነሩ መጥተው አዩት።

«ደወሉ ይጮሃል፣ ሌባው ይሮጣል። ምን ዋጋ አለው? በርሽ ላይ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ልግጠምና ከደወሉ ጋር ላገናኘው። ሲጮህ በሩ ይቆለፋል፤ ሌባው ውስጥ ይቀራል።»

«እኔስ ውስጥ ብሆን?»

«አንቺ ምን አገባሽ? ሌባ አይደለሽም።»

ሌባ ተይዞ አያውቅም። ቄሱ ግን ተይዘዋል። ቆጣሪ አንባቢው ተይዟል። ከአደሌድ ከተማ ለገና የመጡት የቤሪል እህት ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ተይዘው ባቡር አምልጧቸዋል። ሁሌም ኢንጂነሩ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ይመጡና በመስኮት በኩል «አይዟችሁ፣ በትክክል እየሠራ ነው» ይላሉ።

ዓመታት አለፉ። የኢንጂነሩ ዓይን ደከመ፤ ፐርዝ ከተማ ያለችው ልጃቸው ልትወስዳቸው ሆነ። በመሄጃቸው ዋዜማ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«እኔ ከሄድኩ ማን ይከፍትልሻል? ልፍታውና እንደ ድሮው ይሁን።»

ወይዘሮ ቤሪል አስገቧቸው። ሰውየው አንድን ነገር ወደነበረበት ሊመልሱ ሲነሱ ሲያዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ሽቦው እንደተቆረጠ ደወሉ ጮኸ፤ በሩም ጠቅ ብሎ ተቆለፈ። ደወሉን ዝም አሰኙት። በሩ ግን እምቢ አለ።

«የቁልፉ ባትሪ እስኪደክም መጠበቅ ነው» አሉ ኢንጂነሩ።

ሻይ ተፈላ፣ ኬክ ተቆረሰ። ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ቤሪል ሟች ባል፣ አጥር ጥሶ ስለሄደው ማጨጃ አወሩ። ቤሪል እስኪያስላቸው ሳቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ለቀቀ። ኢንጂነሩ ሣጥናቸውን አንስተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ቤሪል፣ ዘንድሮ ያሠራሽው የጓሮ በር እኮ ሽቦ የለውም። ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ሻዩ አላለቀም፤ ተመለስና ተቀመጥ» አሏቸው።

ኢንጂነሩ ሣጥኑን መሬት አስቀመጡና በሩን ራሳቸው መልሰው ዘጉት።