የአምስት ዓመቷ እናቴ

አበሻ ሴት ልጁን በሙሉ ስሟ ከጠራት ተቆጥቷል ማለት ነው። ሰላም በሆነ ቀንማ ሚጣ፣ ማሚቱ፣ እንኮዬ ሲል ነው የሚውለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቤት ስምን ግን የሚያወጣው ችግር ነው።

እኔ ልጄን «እማዬ» እላታለሁ። የመዝገብ ስሟ ስንቅነሽ ነው፤ የእናቴ ስም። ስሙን ሳወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን በሰው አገር፣ ሆፕኪንስ በሚባል ከተማ ባለችው አፓርታማችን ሕፃኗን ታቅፋ፣ «የአማቴን ስም ጠርቼ ንፍጥሽን ጥረጊ ልበል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የአያቷ ስም ለወጣላት ልጅም በቤት ሌላ መጠሪያ ይፈለግላታል። በዚሁ «እማዬ» ሆነች። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ምክንያት ያለው ስም ካለ ይምጣ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄጄ «እማዬ፣ ነይ» ስል አስተማሪዋ ሰማችና ትርጉሙን ልጄን ጠየቀቻት። «ማይ ማም» አለች፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። በሳምንቱ የቤት ስልካችን ላይ የስብሰባ ጥሪ ተቀርጾ አገኘሁ። ፍሪድሊ ከተማ ከምሠራበት ፋብሪካ ሺፍቴን አስቀይሬ፣ ድራይቭ አድርጌ ደረስኩ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት፣ ልጅቷ ያለ ዕድሜዋ የእናትነት ሸክም እንዳይጫንባት መስጋቷን ነገረችኝ። ከእንግዲህ በቤትም በመዝገብ ስሟ እንደምጠራት የሚገልጽ ወረቀት አቅርባ ፈርም አለችኝ።

የምን ሸክም? ጫማዋን እንኳ የማስርላት እኔ ነኝ።

ስለ አማትና ምራት ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ አማካሪዋ ወደ በሩ ዞር ብላ ውጭ የምትጠብቀኝን ልጄን «አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ፓምፕኪን» አለቻት። ፓምፕኪን ዱባ ነው። እኔ እናቴ ስላት ወረቀት ይቀርብልኛል፤ እሷ ዱባ ስትላት ፍቅር ነው። ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት። ወረቀቱንም መልሼ ገፋሁላት። እናቴን በፊርማ ከቤቴ አላስወጣም አልኩ።

ሴትዮዋ ቀላች። «ዱባ ማለቴን ልብ ብዬው አላውቅም» ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ልጄን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። መኪናዬን ሳስነሳ ከኋላ ወንበር ጥርት ያለ እንግሊዝኛ መጣ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አይጮህም፣ ነገ ገብተህ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ አሁን ቀበቶህን እሰር።

ቀበቶዬን አሰርኩ። «እሺ፣ እማዬ» አልኩ። ያን ጊዜስ እያቆላመጥኳት አልነበረም።