ማይ ሊኮንግዌ መጽሐፍ አይቀበሉም

መጽሐፍ አንብቦ ዝም ማለት የማይችል ሰው በየከተማው ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ሌላው ሰው አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ይከድናል። እሱ ግን ሲጨርስ ነው የሚጀምረው። መንገድ ላይ ያስቆምሃል፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "እንትንን አንብበኸዋል?" ይልሃል። አላነበብኩም ካልከው አለቀልህ። አንብቤያለሁ ካልከውም አለቀልህ፤ ይፈትንሃል።

እዚህ ዞምባ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ማይ ሊኮንግዌ ናቸው፤ ጡረተኛ አዋላጅ። እኛ ዘንድ ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ ማይ፣ እናታችን፣ ብለን ነው የምንጠራው፤ ለእሳቸው ግን ጥሪው ወግ ብቻ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን ልጅ እየተቀበሉ ኖረዋል፤ ስለዚህ ልጁ አድጎ ምን ማንበብ እንዳለበት የመወሰን ሥልጣንም የእሳቸው ነው። እኔን ራሴን ደንበኞቼ ፊት እንዲህ ብለውኛል፦

"አንተ ማክዊንጃ፣ ስትወለድ በእግርህ ነው የወጣኸው። ያኔም የሚሻልህን አታውቅም ነበር። እንካ፣ ይኼን አንብብ።"

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ገበያው አፍ ላይ አንዲት ጠባብ ኪዮስክ አለችኝ፣ ከፊቷም ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ። ማይ ጡረታ በወጡ በሳምንታቸው የዚህችን አግዳሚ ጥቅም ደረሱበት። ሰዓቱን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ የበተንኩበት ሰው የትም መሄድ አይችልም። እኔም ብሆን፣ አንድ ዓይኔ ላይ ማጉያ መነጽር፣ እጄ ላይ ወረንጦ ይዤ፣ ማምለጫ የለኝም። ጧት ማንዳሲ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ በወረቀት ጠቅልለው ይመጣሉ፤ መሐል ላይ ይቀመጣሉ፤ ግራ ቀኛቸውን ያያሉ። ከዚያ አደኑ ይጀመራል።

አንድ ጊዜ ሳጅን ካፔኒ የሰዓቱን ባትሪ ሊያስቀይር መጣ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሲሄድ ግን ዳክዬ ስለምታረባ አንዲት ባልቴት የተጻፈ አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ነበር።

"ማይ፣ እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ" አለ፣ እንደ መለመን ብሎ። "ጊዜ የለኝም።"

"ጥበቃ ላይ ስትቆም ምን ታደርጋለህ?"

"እጠብቃለሁ።"

"እያነበብክ ጠብቅ። እስከ ገጽ አርባ ብቻ ታገሥ። ከዚያ በኋላ አንተ አትይዘውም፣ እሱ ይይዝሃል።"

በሦስተኛው ሳምንት ሳጅኑ ተመልሶ መጣ። ሰዓቱ ደህና ነው። ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማክዊንጃ፣ ዳክዬዎቹ ከጎርፉ በኋላ ምን እንደሆኑ የሚናገር ሁለተኛ ክፍል አለው ወይ?" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ብላንታየር በሚሄድ ሚኒባስ ላይ አብረን ተሳፈርን። ማይ አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ታሪክ ጀመሩላት፤ አጎቷ ለሽማግሌ ሊድራት ስላሰበ ከቤት የጠፋች ልጅ ታሪክ ነው። ቶንድዌ ስንደርስ መኪናው ሙሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ረዳቱ ሒሳብ መቀበል ረስቷል። ልጅቷ ጎተራ ውስጥ ተደብቃለች፤ አጎትየው ችቦ ይዞ ግቢው ውስጥ ይዞራል፤ እጁን ወደ ጎተራው ክዳን ሰደደ… ናማድዚ ደረስን። ማይ ዣንጥላቸውን አነሱና ወረዱ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት ወጣ ለማለት ምንም አልቀረው። "ማይ! ኧረ በፈጠረዎት! ልጅቷ ጎተራ ውስጥ ቀረች እኮ!"

"መጽሐፉ ቤቴ አለ። ስትመለስ ጎራ በልና ውሰድ።"

"እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?"

"ንዳ!"

ባለቤቴ ኤነሌሲ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ያዋለዷት ማይ ሊኮንግዌ ናቸው። "በምጥ መሐል ምዕራፍ ሦስትን ጨርሰውልኛል" ትላለች። "ግፊ ሲሉኝ እገፋለሁ፤ ሲያሳርፉኝ 'ከዚያስ?' እላለሁ። ልጁ የተወለደው ሰውየው ከእስር ቤት ሲወጣ ነው።"

እንግዲህ ክብርት ማይ አንድ ጉድ አለባቸው። መጽሐፍ ይሰጣሉ እንጂ አይቀበሉም። የቅዳሜው የአንባቢዎች ማኅበራችን ሰብሳቢ ባምቦ፣ አባታችን፣ ምላውዚ ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው፤ አንድ ቀን ገና ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል አዲስ መጽሐፍ አምጥተው ማይ ፊት አስቀመጡ። ማይ በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። "አንብቤዋለሁ" አሉ።

"ማይ፣ ከታተመ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።"

"የሚመስለውን አንብቤያለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሞክረዋል። ለአንዱ ፊደሉ ደቃቅ ነው ይላሉ፤ ለሌላው ደግሞ ይኼ ደራሲ ፎቶው ላይ ይስቃል፣ አላምነውም ይላሉ። እኔም ሞክሬ "አንተ መጀመሪያ የሰጠሁህን ጨርስ" ተብያለሁ። ከዚህ ዓለም መጽሐፍ የሚቀበሉት ከአንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ማንጎቺ ሐይቁ ዳር ከምትኖረው ታናሽ እህታቸው ከናሲቤኮ። በየሳምንቱ ዓርብ በአውቶቡስ አንድ ጥቅል ከዚህ ይሄዳል፤ አንድ ጥቅል ከዚያ ይመጣል። የማንጎቺው ጥቅል ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ጋር ስለሚታሰር ከማይ የተዋስከው መጽሐፍ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መጽሐፉ ቤትህ እስካለ ድረስ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ደጅ ይጠናሃል።

ባለፈው ጥር፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲበረታ፣ ናሲቤኮ ሞተች። ሕመሟ አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። ማይ ሄደው ቀበሩ፤ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ተመለሱ። ከዚያም ዝም አሉ።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ አግዳሚዋ ባዶ መሆኗ አልከፋኝም። ሥራዬን በሰላም ሠራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰዎች ምንም ያልተበላሸ ሰዓት ይዘው መምጣት ጀመሩ። ይቀመጣሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ "ማይ አልመጡም?" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሳጅን ካፔኒ ሦስት ጊዜ መጣ። የቅዳሜው ማኅበር ከአሥራ አራት ሰው ወደ አራት ወረደ፤ ባምቦ ምላውዚ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያነቡልናል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ቃለ ጉባኤ መነበቡ ነው። የምንሰበሰብበትን አዳራሽ ለመዘምራን ልምምድ እንልቀቀው የሚል ሐሳብ ቀረበ። የተቃወመ አልነበረም። ያኔ ደነገጥኩ።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። ማይ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ያ ሁሉ መጽሐፍ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ጨርቅ ለብሷል።

"ምን እያነበቡ ነው ማይ?" አልኳቸው። 

"ምንም።"

"ዓይንዎን አሞዎት ነው?"

"ዓይኔ ደህና ነው።" ጨርቅ ወደለበሱት መጽሐፎች አመለከቱ። "ማክዊንጃ፣ እኔ ለብቻዬ አንብቤ አላውቅም። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ይኼን ለናሲቤኮ ምን ብዬ ነው የምነግራት እያልኩ ነበር የማነብበው። እናንተ ላይ የማወራው እኮ ልምምድ ነበር። ዓርብ ከጥቅሉ ጋር የምጽፍላትን ደብዳቤ ነበር እናንተ ላይ የምለማመደው። አሁን ለማን ብዬ?"

ሻይ ቀዱልኝ። የሞቀውን ሻያቸውን ጠጣሁና ወጣሁ።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው። የካቲት ላይ ገበያው ውስጥ የልባሽ ልብስ ቦንዳ ሲፈታ ከካልሲዎቹ መሐል አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወደቀ። ሻጯ ካልሲ ስገዛ መረቀችልኝ። የደራሲው ስም ከሽፋኑ ጋር ተቀድዶ ሄዷል። የመንደሩ አለቃ ፍየሏን የወሰደባት አንዲት አሮጊት የገዛ ፍየሏን መልሳ ለመስረቅ የምታደርገውን የሚተርክ ነው። አሮጊቷ ሰባት ጊዜ ትሞክራለች። በአራተኛው ሙከራ፣ ጨለማ ውስጥ በስሕተት የአለቃውን አማት ስትጎትት፣ እኔ ኪዮስኬ ውስጥ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ የደንበኛዬ ሰዓት ብሎን ከወረንጦዬ አምልጣ ወለሉ ላይ ተሰወረች። በእጅና በጉልበቴ ተንበርክኬ እየፈለግኋት ሳለ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ይህን ለሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ። ቤቴ ሄጄ ለኤነሌሲ ነገርኳት፤ አልበቃኝም። ለጎረቤቴ ነገርኩት፤ ግማሹ ላይ ስልክ ተደወለለት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ማይ ሊኮንግዌ ምን ሆነው እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

መጽሐፉን ይዤ በዝናብ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። እንደ ደረስኩ ጠፋኝ።

"ማይ፣ ይኼን… እስከ ገጽ አርባ ቢታገሡ…"

"ስንት ገጽ ነው?"

"ዘጠና ሁለት።"

"ግማሹን ልታገሥልህ ነው?" ለመጀመሪያ ጊዜ የአፋቸው ጥግ ተነቃነቀ። ወዲያው ተመልሶ ረጋ። "ሽፋንም የለው። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ነገር ቤቴ አላስገባም። ውሰድልኝ።"

"እሺ። ዝናቡ እስኪያባራ ግን እንዳይረጥብብኝ እዚህ ላስቀምጠው" አልኩና የበረንዳው ወንበር ላይ ጣል አድርጌው ወጣሁ። በጃኬቴ ውስጥ ይዤው መሄድ እችል ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ከኋላዬ አልጠሩኝም።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው ሳምንት ተጋመሰ። ቅዳሜ ሦስት ሰው ሆነን መዘምራኑ አዳራሹን የጠየቁበትን ደብዳቤ አነበብን።

ማክሰኞ ጧት ማጉያዬ ዓይኔ ላይ እንዳለ አግዳሚዋ ስትንቋቋ ሰማሁ። ቀና ስል ማይ መሐል ላይ ተቀምጠው ዣንጥላቸውን እያራገፉ ነው። ግራ ቀኛቸው ሁለት ደንበኞች አሉ፤ አንዱ ሳጅን ካፔኒ ነው። ማይ ከቦርሳቸው በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት በደንብ የተለበጠ ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። ጥግ ጥጉ ተጣጥፎ በሙጫ ተለጥፏል።

"ማክዊንጃ፣ የያዝከውን አስቀምጥ" አሉ። "አንድ መጽሐፍ አግኝቻለሁ።"

"አግኝተው?"

"በረንዳዬ ላይ። አንዱ ጥሎት ሄደ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሰው ወንበር ላይ ወርውሮ የሚሄድ?" ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም፤ ወይም ካለ እኔ ላገኘው አልቻልኩም። "አላነበብከውም መቼም።"

አፌን ከፈትኩ። ሳጅን ካፔኒ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተጠግቷል፤ ሌላኛው ደንበኛም የቸኮለ ሰው ነበር፣ ግን ቁጭ ብሏል። አፌን ዘጋሁ።

"አላነበብኩም ማይ" አልኩ። "ስለምንድን ነው?"

ጀመሩ። አሮጊቷን አቆሟት፣ አራመዷት፣ አስነጠሷት። የአለቃውን ድምፅ በአፍንጫቸው ተናገሩ። ገበያተኛው እየቆመ ማዳመጥ ጀመረ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ውሻ አስገቡ፤ ውሻው ነገሩን ያሳምረዋል። መጽሐፉ ውስጥ አሮጊቷ ስም የላትም፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው "አሮጊቷ" ብቻ ነው የምትባለው። ማይ ግን ስም ሰጧት። ናሲቤኮ አሏት። የመጀመሪያውን ጊዜ ሲጠሯት ቆም ብለው ውሃ ጠጡ። ሁለተኛውን ጊዜ ደህና አሉት። አምስተኛውን ጊዜ ሲሉት ራሳቸውም እየሳቁ ነበር፤ ናሲቤኮ አማትየዋን በጨለማ ስትጎትት ሳጅን ካፔኒ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ጠረገ።

ስድስተኛው ሙከራ ላይ ቆሙና ተነሡ። "የቀረውን ቅዳሜ በማኅበሩ" አሉ። "አዳራሹን ለመዘምራን ልትሰጡት ነው አሉ? መዘምራኑ ሜዳ ላይ ይዘምሩ፤ ድምፅ አላቸው።" መጽሐፉን እጄ ላይ አደረጉልኝ። "አንተ ግን ቀድመህ አንብበው። አደራ፣ ገጹን እንዳታጥፍብኝ።"

ለምሳ ቤት ስገባ ኤነሌሲ በብብቴ የያዝኩትን አየች።

"ምንድን ነው ደግሞ?"

"ማይ ሊኮንግዌ አንብብ ብለው የሰጡኝ መጽሐፍ።"

ተቀብላ ገለጠችው። "አንተ ሰው፣ ይኼ ከካልሲ ጋር ይዘኸው የመጣኸው አይደለም እንዴ?"

"አይደለም" አልኳት፣ እጄን እየታጠብኩ። "ይኼኛው ይሻላል።"